ግድግዳው ሦስቴ ሲንኳኳ

ቦድናር ቪልማ የሽማግሌ ሞት ለመጠበቅ ውል የፈረመችው በሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው። እንዲህ ሲባል ጆሮ ይጎረብጣል፤ ግን ዙሪያ ጥምጥም መሄዱ ለማን ይበጃል? በእኛ ከተማ በቡዳፔስት፣ ልጅ የሌለው ሽማግሌ ለሚጦረው ሰው ቤቱን በውል ያወርሳል። ጧሪው ያበስላል፣ ያጥባል፣ ሐኪም ቤት ያመላልሳል፤ ሽማግሌው ዓይኑን ሲከድን ቤቱ የጧሪው ይሆናል። ጠበቃ ፊት ይፈረማል። ከዚያ በኋላ አንዱ ሾርባውን ይጠብቃል፣ ሌላው ቀኑን። «ውል የፈረመ ሽማግሌ አይሞትም» ተብሎ ይቀለዳል። ቀልዱን የማያውቅ የለም፤ ጧሪዎቹ ግን ሲስቁበት አይታዩም።

ቪልማ የመጣችው ከምሥራቅ፣ አሸዋማ ከሆነው የድንች አገር ነው። እዚያ ኪያር በኮምጣጤ በሚያሽግ ፋብሪካ ትሠራ ነበር። ፋብሪካው ተዘጋ፣ ባሏን አረቄ ወሰደው፣ ቤቱን ባንክ ወሰደው። እሷን የሚወስድ ጠፋና በባቡር ራሷን ይዛ መጣች። ከተማው ዳር ባለ የሠራተኞች ማደሪያ ውስጥ ከሌሎች ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ተጋርታ ስትኖር የራሷ የሆነው የአንድ ቁምሳጥን ግማሽ ብቻ ነበር። ማቀዝቀዣ ውስጥ የምታስቀምጠው የፕለም ማርማላታ ስሟ ተጽፎበት እንኳ ይበላባታል። ከእግዜር የለመነችው አንድ ነገር ነው፤ ከውስጥ የምትቆልፈው በር። ሀብት አላለች፣ ሁለተኛ ባል አላለች።

ቀን ቀን መሃል ከተማ ለእንግዶች የሚከራዩ ቤቶችን ታጸዳለች። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ፎቅ ነው። መሃሉ ግቢ ነው፤ በየፎቁ ግቢውን የሚዞር ባለ ብረት አጥር በረንዳ አለ፤ የሁሉም ቤት በር የሚከፈተው በዚሁ በረንዳ ላይ ነው። ድሮ ጎረቤት ሳያይህ ወጥተህ አትገባም ነበር። አሁን ሁለተኛው ፎቅ ላይ ያሉት በሮች ቁጥር ተነክቶ የሚከፈቱ ሆነዋል፣ ከአንዱ በቀር። በዚያ በር ላይ የናስ ሰሌዳ አለ፤ «ሌናርድ ኦቶ» ይላል።

ጋሽ ኦቶ ዕድሜ ልካቸውን በዳኑብ ወንዝ ዳር የሚሄደውን ሁለት ቁጥር ትራም፣ የከተማውን ባቡር፣ የነዱ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ሞተዋል፣ ልጅ የላቸውም፣ ጉልበታቸው ከድቷቸዋል፤ ምላሳቸው ግን ገና ወጣት ነበር። አንድ ጠዋት ቪልማ አንሶላ ታቅፋ በበራቸው ስታልፍ ጠሯት።

«አንቺ ሴትዮ!»

«አቤት ጋሼ።»

«በዚህ ፎቅ ላይ ሰላም የምትይኝ አንቺ ብቻ ነሽ። የባቄላ ሾርባ መሥራት ታውቂያለሽ?»

«በጭስ የደረቀ የአሳማ እግር ካለ አውቃለሁ።»

«ዕድሜሽ ስንት ነው?»

«ሃምሳ አንድ።»

«እኔ ሰማንያ አንድ። እንግዲህ እሽቅድምድም ነው» አሉና ሳቁ። ውሉን የፈረሙት ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው።

ከወጥ ቤቱ ጀርባ ያለችውን፣ በድሮ ጊዜ የገረድ ማደሪያ የነበረችውን ጠባብ ክፍል ሰጧት። ተኝታ ስትንጠራራ እግሯ ግድግዳ ይነካል። በሩ ግን ከውስጥ ይቆለፋል። የገባች ዕለት ደጋግማ ቆለፈችው፣ ደጋግማ ከፈተችው፤ ጋሽ ኦቶ ከሳሎን ሆነው «ቁልፉን ጨረሽው እኮ» እስኪሏት ድረስ።

ጽዳቱን አልተወችም፤ የጋሽ ኦቶ ጡረታ ለሁለት አይበቃም። ብቻ አብዛኛውን ጊዜ የምትሠራው እዚያው ፎቅ ላይ፣ በተለይ አንድ ግድግዳ ብቻ በሚለየው የእንግዳ ቤት ውስጥ ነበር። ስለዚህ ምልክት አበጁ። ሲፈልጓት በከዘራቸው ግድግዳውን ሦስቴ ያንኳኳሉ፣ እሷ የያዘችውን ጥላ ትመጣለች። ክኒን ሲጠፋባቸው፣ ከወንበር መነሣት ሲያቅታቸው፣ አንዳንዴም መስኮት ተከፍቶ ቀርቶ «ነፋስ ገደለኝ» ሲሉ። ነፋስን የሚደፍር ሰው እኛ ዘንድ የለም። ሁለት ጦርነት ያሳለፈ ከተማ በርና መስኮት አንድ ላይ ሲከፈቱ ይርበደበዳል።

ተላመዱ። ጥፍራቸውን ትቆርጣለች፣ ጀርባቸውን ታሻለች፣ ጨው ትቀንስባቸዋለች። ስለ ጨው በየቀኑ ይጣላሉ። እሳቸውም አንድ ቀን የሟች ሚስታቸውን ልብስ ከቁምሳጥኑ አውጥተው ለቤተ ክርስቲያን ሰጡና «ሙሉው ያንቺ ነው» አሏት። ቁምሳጥኑ ፊት ቆማ አለቀሰች። ምን ሆንሽ ሲሏት ሽንኩርት ነው አለች፣ ሽንኩርት በሌለበት ክፍል።

ታዲያ ሞታቸውን አልጠበቀችም? ጠብቃለች፤ መልአክ አናድርጋት። ጠዋት ጠዋት ሳል እስኪሰማ ድረስ በራቸው ላይ ጆሮዋን ትጥላለች። ሳሉ ሲመጣ ልቧ እፎይ ይላል፤ ከእፎይታው ሥር ደግሞ ሌላ ነገር አለ፣ ትንሽ፣ ክፉ፣ «ዛሬም አይደለም» የሚል። ያንን ሌላውን ነገር ቡና ልታፈላ ስትሄድ እዚያው በሩ ላይ ትታው ነበር የምትሄደው። ለማንም አልተናገረችም። ሆድ ይፍጀው አለች።

ነገሩ የተበላሸው እንግዶች ጋሽ ኦቶን ሲወዷቸው ነው።

የእንግዳ ቤቶቹን የሚያስተዳድረው ሳቦልች የሚባል ወጣት ነበር፤ ጫማው ሁልጊዜ ነጭ፣ ስልኩ ሁልጊዜ ጆሮው ላይ። ጋሽ ኦቶ በረንዳው ላይ ወንበር አውጥተው፣ በተሰባበረ ጀርመንኛና በእጅ በሚታገዝ እንግሊዝኛ መንገደኛውን ሁሉ ሲመክሩ ያያቸዋል። ምክር ሞልቷቸዋል። «ቲኬታችሁን ማሽኑ ላይ አስመቱ፤ ተቆጣጣሪው እናቱንም አይምርም።» «ሁለት ቁጥር ትራም ላይ በወንዙ በኩል ተቀመጡ፤ በወዲያኛው በኩል የምታዩት የሰው መጋረጃ ነው።» «ጉላሽ ሾርባ ነው። ወጥ አድርጎ ያቀረበላችሁ ቤት ሁለተኛ እንዳትገቡ።» «አስተናጋጁ ሒሳብ ሲቀበላችሁ አመሰግናለሁ ካላችሁት መልሱን ኪሱ ይከተዋል፤ መልሳችሁን ከፈለጋችሁ አፋችሁን ያዙ።» «ፍልውሃ ስትሄዱ ነጠላ ጫማ አትርሱ።» «ቢራ ስትጠጡ ብርጭቆ አታጋጩ። ኦስትሪያኖቹ ጄኔራሎቻችንን የፈጁ ዕለት ቢራ አጋጭተዋል፤ እኛ እስከ ዛሬ አናጋጭም።» ሁሉንም ካሉ በኋላ ከዘራቸውን ያነሡና «ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ደረጃ ላይ ሰው ስታገኙ ሰላም በሉ። ሰው እኮ ነው፣ የአበባ ማሰሮ አይደለም» ይላሉ።

«እትዬ ቪልማ፣ እኚህ ሰውዬ ወርቅ ናቸው» አላት ሳቦልች። «እንግዶች ከሰዓት እየመጡ አብረዋቸው ይቀመጡ። ያገሬውን ሾርባ ይብሉ፣ ያገሬውን ምክር ይስሙ። ለእናንተም ይከፈላችኋል።»

«ሾርባውን ማን ይሠራል?»

«እንግዲህ...» አለና ነጭ ጫማውን አየ።

ሠራች። ምን ትበል? ጋሽ ኦቶ በየቀኑ ጢማቸውን መላጨት ጀመሩ። የትራም ነጂ ኮፍያቸውን ከሳጥን አውጥተው አራገፉት። ለዓመታት ከቪልማና ከፖስተኛው በቀር ሰው ያላነጋገራቸው ሽማግሌ፣ ከጃፓን የመጣ ሰው አፉን ከፍቶ ሲሰማቸው ዓመታት ወደ ኋላ ሄዱላቸው። ደስ አላት ቪልማ። መጀመሪያ ላይ ከልቧ ደስ ብሏታል።

ከዚያ እንግዶቹ ሾርባ ስታቀርብ እሷን አየት እያደረጉ መሳቅ ጀመሩ። ቋንቋውን አታውቅም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ሳቁ ሲደጋገምባት ሳቦልችን ደረጃ ላይ ጠብቃ ያዘችው።

«ሽማግሌው ምን ሲሉ ነው ሰዉ እኔን እያየ የሚስቀው?»

«ቀልድ ነው፣ እትዬ ቪልማ። ያቺው የታወቀችው ቀልድ።»

«የትኛዋ?»

ሳቦልች ተሽኮረመመ። «‹ይህች ሴት ሞቴን ነው የምትጠብቀው› ይላሉ። ‹ጠዋት ጠዋት አፍንጫዬ ሥር መስታወት ይዛ ትንፋሼን ታያለች። መተንፈሴን ስታይ እያዘነች ቡና ታፈላለች።› እንደዚህ ነው። ይስቃሉ።»

ለቪልማ ያ በራቸው ላይ የምትተወው ነገር ወጥቶ ሾርባ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ መሰላት።

«ቀልድ መሆኑን ያውቃሉ ሰዎቹ?»

«ሳቁ እኮ።»

«የሳቀ ሁሉ ያውቃል?»

ያን ዕለት ድንች እየላጠች ጠየቀቻቸው።

«ጋሽ ኦቶ፣ በሰው ፊት ለምን ያዋርዱኛል?»

«ማን? እኔ? አገር የሚቀልደው ቀልድ ነው እኮ።»

«አገሩማ ይቀልደው። እነዚህ ከየት እንደመጡ የማናውቃቸው ሰዎች ናቸው።»

«ታዲያ አገራቸው ሄደው ለማን ሊያወሩት?»

«አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፣ ጋሽ ኦቶ።»

«የኔ ራስ ተመልጦ ካለቀ ቆይቷል፤ አፌን ተይልኝ» አሉና መላጣቸውን መታ መታ አደረጉ። ሳትወድ ሳቀች። እሳቸውን መጥላት የሚከብደው በዚህ በዚህ ነው።

ግን አልተዉም። ጭራሽ ጨመሩበት። እንግዶቹ ፊት ከዘራቸውን አንሥተው «አሁን ተመልከቱ» ይላሉ፣ ግድግዳውን ሦስቴ ያንኳኳሉ። ከግድግዳው ወዲያ ቪልማ ሽንት ቤት እየፈተገች ትሆናለች። የእጇን ውኃ እያራገፈች፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ ትደርሳለች፤ ልቧ «ወድቀው ይሆን?» እያለ። እንግዶቹ ሰዓታቸውን ይዘው ይቆጥራሉ፤ በስንት ደቂቃ እንደምትደርስ ይወራረዳሉ። ስትገባ ያጨበጭባሉ። «አያችሁ?» ይላሉ ጋሽ ኦቶ፣ «ቤቱ ደረሰልኝ ብላ ነው የምትሮጠው።»

መጀመሪያ ሮጣ መጣች። ቀጥሎ በፍጥነት እየተራመደች። ቀጥሎ መወልወያውን ጨምቃ፣ አስቀምጣ፣ ጫማዋን አድርጋ።

«ጋሽ ኦቶ» አለቻቸው አንድ ቀን፣ ሳህን እያነሣች፣ «አንድ ቀን አልመጣም።»

«ትመጫለሽ። ቤቱ እንዳያመልጥሽ» አሉ። ወዲያው ነገሩ ከአፋቸው መውጣቱን ሳይጠሉት አልቀሩም፤ ከሳህናቸው ላይ የተረፈውን የፓፒ ፍሬ ጥቅል ኬክ፣ መሃሉን፣ እሷ የምትወደውን፣ ወደ እሷ ገፋ አደረጉት። አልበላችውም። ያኔ በልታው ቢሆን ኖሮ እያልኩ አንዳንዴ አስባለሁ፤ ግን ኩርፊያ እኛ ዘንድ እንደ ሌላ ሰው ነው፣ ወንበር ተሰጥቶት አብሮ ይኖራል።

ሰው ሁሉ መቃብር ላይ ሻማ የሚያበራበት የሙታን ቀን አልፎ ጭጋጉ ግቢው ውስጥ በተኛበት ሰሞን ሁለት ሆላንዳውያን መጡ። ባልና ሚስት ናቸው፣ ጡረተኞች፣ የጨዋ ልጆች። ሾርባቸውን በሉ፣ የጋሽ ኦቶን ምክር ሰሙ፣ ስለ መስታወቱ ሰሙ፣ ስለ ማንኳኳቱም ሰሙ። ከዚያ የግቢውን ፎቶ ሊያነሡ ወደ በረንዳው ወጡ። ጋሽ ኦቶ ወንበራቸው ላይ ቀሩ። ቪልማ ሳህኑን አንሥታ ወደ ጎን ቤት ሄዳ ነበር፤ አዲስ እንግዶች ሊገቡ ነው፣ አልጋው አልተነጠፈም።

ላስቲክ ያለውን አንሶላ ፍራሹ ላይ እየወጠረች ሳለ ግድግዳው ተንኳኳ። ሦስቴ።

በረንዳው ላይ ሳቅ ሰማች። ሆላንዳዊው ለሚስቱ የሆነ ነገር ሲል፣ ሚስቱ ስትስቅ። ቪልማ በመስኮቱ መጋረጃ በኩል አየቻቸው፤ ሰውዬው እጅጌውን ሰብስቦ የእጅ ሰዓቱን ይመለከታል። «ይቆዩ» አለች ለራሷ። «ዛሬ ይቆዩ።» አንደኛውን ማዕዘን አስገባች። ሁለተኛውን አስገባች። ግድግዳው እንደገና ተንኳኳ፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቀስ ብሎ፣ የሚያንኳኳው ሰው የተሰላቸ ይመስል። ሦስተኛውን ማዕዘን አስገባች። አራተኛውን አስገባችና አንሶላውን በመዳፏ ዳበሰችው፤ እጥፋት እንዳይኖረው። ሁለቱንም ትራስ መታ መታ አድርጋ አነፈሰቻቸው።

ከዚያ ሆላንዳዊቷ ጮኸች።

ጋሽ ኦቶ ግድግዳው ሥር በጎናቸው ወድቀው ነበር። ከዘራው እጃቸው ውስጥ ነው። ኮፍያቸው ጠረጴዛው ሥር ተንከባልሎ ገብቷል። ቪልማ ጭንቅላታቸውን ጭኗ ላይ አድርጋ «ጋሽ ኦቶ፣ መጣሁ፣ ይኸው መጣሁ» አለች። ዓይናቸው ክፍት ነበር፣ ግን አላዩዋትም።

የአምቡላንሱ ሐኪም ልብ ነው አለ። «ቀደም ብሎ ሰው ቢደርስላቸው ኖሮ ይተርፉ ነበር?» አለችው። ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ «ምናልባት ይተርፉ ነበር፣ ምናልባትም አይተርፉም» አላት። ደግ ሰው ቢሆን ኖሮ ይዋሽላት ነበር።

ለቀብሩ ጅዮር ከሚባለው ከተማ አርፓድ የተባለ የእህታቸው ልጅ መጣ። ቪልማ በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ስልክ ሲደውል አልሰማችም። ኮቱ ያማረ፣ ኀዘኑም ያማረ ነበር። በሳምንቱ ክስ መሠረተ፤ ጧሪዋ ሟቹን አልጦረችም፣ ውሉ ይፍረስልኝ አለ። ቤቱን ለእንግዳ ቤትነት ሊገዛው የተዘጋጀው ማን እንደሆነ ፎቁ ሙሉ ያውቃል፤ የናሱ ሰሌዳ ወርዶ ቁጥር የሚነካ ቁልፍ የሚገባበት አንድ በር ብቻ ነው የቀረው። ሆላንዳውያኑም ከአገራቸው ሆነው ምስክርነታቸውን ልከዋል። ክፋት የለባቸውም። የሰሙትን ተናገሩ፤ ሴትዮዋ ሞታቸውን እንደምትጠብቅ ራሳቸው ነግረውናል፣ ግድግዳውን አንኳኩተዋል፣ አልመጣችም። እነሱ ራሳቸው በረንዳው ላይ ቆመው ሰዓት ሲቆጥሩ እንደነበር አልተናገሩም፤ ማን ይናገራል?

ቪልማ የያዘችው ጠበቃ አንድ የደከመው ሰውዬ ነው። ፍርድ ቤቱ ኮሪደር ላይ አጠገቧ ተቀምጦ ሳንድዊች እየበላ እንዲህ አላት።

«ቀልዱ አያሳስብሽ። ዳኛዋም ያገር ልጅ ናት። ያለችው አንዲት ጥያቄ ናት፣ ሰምተሻል ወይስ አልሰማሽም።»

«ሰምቻለሁ ብልስ?»

ሰውዬው ማኘኩን አቆመ። «ሰምተሽ ነበር?»

ለቪልማ የዚያ ማደሪያ ግማሽ ቁምሳጥን ታያት። ስሟ የተጻፈበት ባዶ የማርማላታ ጠርሙስ ታያት። ከዚያም ያ በማታውቃቸው ሴቶች ሳል የተሞላ ክፍል።

«አትንገሪኝ» አለ ጠበቃው። «ለኔ አትንገሪኝ።»

ዳኛዋ ጉንፋን የያዛት ሴት ነበረች። የሆላንዳውያኑ ቃል ሲነበብ መስታወቱ ጋ ሲደርስ ከንፈሯ ወደ ጎን ሄደ፤ ቀልዱን ከአያቷ ሳትሰማው አልቀረችም። ሳቦልች ተጠርቶ «አዎ፣ እንዲሁ ሲቀልዱ ነው፣ ለሁሉም እንግዳ ነው የሚሏት» አለ፣ ነጭ ጫማውን እያየ። ከዚያ ዳኛዋ አፍንጫዋን ጠርጋ ቪልማን አየቻት።

«ማንኳኳቱን ሰምተው ነበር?»

«የምንጣፍ መጥረጊያው ማሽን እየሠራ ነበር» አለች ቪልማ። «አልሰማሁም።»

ማሽኑ ጋሽ ኦቶ ከመሞታቸው ከሳምንት በፊት ተበላሽቶ ጥገና ተልኮ ነበር። የሚያውቀው ሳቦልች ብቻ ነው። ሳቦልች ቀና ብሎ አያት፣ ከዚያ መልሶ ጫማውን አየ። ምናልባት ለእውነት ሲል መነሣት ሰልችቶት ይሆናል፤ ምናልባትም የባቄላ ሾርባዋን አስታውሶ ይሆናል። ሰውን ማን ያውቀዋል።

ቤቱ የቪልማ ሆነ።

የተመኘችውን አገኘች እንግዲህ። ገባች፣ ከውስጥ ቆለፈች፣ ወንበር ላይ ተቀመጠች። የጋሽ ኦቶ መኝታ ቤት ሰፊ ነው፣ መስኮቱ መንገድ ያያል፤ እሷ ግን እዚያችው ከወጥ ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል ቀረች። ሾርባውን ጨው ቀንሳ ትሠራዋለች። ለምን እንደምትቀንስ ሲገባት ማንኪያውን ታስቀምጣለች።

ከዚያ ግድግዳው መንኳኳት ጀመረ።

የእንግዳ ሻንጣ ነው። የአልጋ ራስጌ ነው። ሰካራም ጎልማሳ ጫማውን ሲያወልቅ ክርኑ ይመታዋል። ታውቃለች። እጇ ግን ቀድሟት ቁልፉን ይከፍታል፣ እግሯ ቀድሟት በረንዳው ላይ ይደርሳል፣ የእንግዳውን በር ታንኳኳለች። «ጠራችሁኝ?» ትላለች በእኛ ቋንቋ። እንግዶቹ ግራ ይጋባሉ። ቆማ ስትቀር ደግሞ፣ የቤቱ ሰው መስላቸው፣ የት ልብላ፣ በምን ልሂድ ይሏታል። መጀመሪያ ጊዜ ደንግጣ ነበር። ከዚያ አፏ ውስጥ የጋሽ ኦቶን ቃላት አገኘቻቸው፤ ሾርባ ስታቀርብ ስትሰማቸው የኖረችው፣ ትርጉማቸውን በግማሽ ብቻ የምታውቃቸው። ቲኬት፤ በእጇ የማስመታት ምልክት። ትራም፣ ሁለት፤ በእጇ የወንዝ ምልክት። ቢራ፤ ጣቷን እያወዛወዘች፣ አይ። ደረጃ፤ ሰላም። እንግዶቹ ይወዷታል።

እነሱም ሲሄዱ ለሚመጡት ያወራሉ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ግድግዳውን ሦስቴ ብታንኳኩ፣ የጎረቤት ሴትዮ መጥታ ከተማውን ትነግራችኋለች። የትም መጽሐፍ ላይ የሌለ ነገር ነው፤ ሳይሞክሩት እንዳይሄዱ።

«እትዬ ቪልማ» አላት ሳቦልች ደረጃ ላይ አግኝቷት፣ ዓይኗን ሳያይ። «ይሄ ነገር ተወዷል። ካልከበደዎት... እንዳያቆሙት።»

«ላቆመው ብልስ መች እችላለሁ» አለችው። ምን ለማለት እንደፈለገች አልገባውም፤ ወይም ገብቶታል።

ዓመቱ ዞሮ የሙታን ቀን መጣ። ነጭ የክሪሳንተም አበባ ገዝታ፣ ሻማ ይዛ፣ በሁለት ቁጥር ትራም በወንዙ በኩል ተቀምጣ፣ ከዚያ በሌላ ትራም መቃብራቸው ድረስ ሄደች። ቅጠሉን ከድንጋዩ ላይ ጠረገች። ምንም አላለችም። ስትመለስ በርዷት ነበርና የባቄላ ሾርባውን አሙቃ ቀዳች።

ማንኪያውን እንዳነሣች ግድግዳው ተንኳኳ። ሦስቴ። ከግድግዳው ወዲያ ሳቅ አለ። ሳቁን ሰምታዋለች፤ ለምን እንደሚስቁም ታውቃለች። ማንኪያውን አስቀምጣ ወጣች።

የእንግዶቹ በር ክፍት ነበር። ሦስት ወጣቶች ቆመዋል፤ አንደኛው የእጅ ሰዓቱን ይዞ ይቆጥራል። ሲያዩዋት አጨበጨቡ። ትንፋሿ ተቆራርጧል፤ ቢሆንም ጀመረች። ቲኬት። ትራም። ቢራ፣ አይ። አንዲቷ ወጣት ፈገግ ብላ ሰማቻትና ስልኳን አፏ አጠገብ አድርጋ የሆነ ነገር ተናገረች። ስልኩ በእኛ ቋንቋ፣ ስሜት በሌለው የሴት ድምፅ መልሶ ተናገረው።

«ሁልጊዜ እንዲህ ፈጥነው ነው የሚመጡት?»

ቪልማ ስልኩን አየችው። ልጅቷ መልሱን እንዲይዝላት ወደ ቪልማ አፍ አስጠጋችው።

«አንድ ቀን ቀርቻለሁ» አለች ቪልማ። «ሰምቼ ነው የቀረሁት። አልጋ እያነጠፍኩ ነበር።»

ስልኩ በእነሱ ቋንቋ ነገራቸው። ወጣቶቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ከዚያ ሳቁ።